«ቫይረስ ነው» ተብለሽ ወደ ቤት ስትላኪ፦ ትኩሳትን መከታተልና ማገገም

እህታችን የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አራት ቀን ሆኗታል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት። ማታ ማታ ትኩሳቷ 39.2 ይደርሳል። ትናንት ተመርምራ ወባም ሌላም ነገር አልተገኘባትም፤ «ቫይረስ ነው፣ ፓራሲታሞል እየወሰድሽ እረፊ» ተብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ግን የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ትኩሳቱ ይመጣል። ቤት ውስጥ ከበፊት የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ፣ ልጀምረው ወይ ትላለች። የአራት ዓመት ልጇንም ከትናንት ማታ ጀምሮ አተኩሶታል። መቼ ልፍራ፣ መቼስ ወደ ሥራ ልመለስ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ከአንቲባዮቲኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም አሁን እጅሽ ላይ ያለው እሱ ነው። አትውሰጂው። አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳል ወይም ፕሮቲን የሚያመርትበትን ክፍል ያቆማል። ቫይረስ ግድግዳም የለው፣ የራሱ ማምረቻም የለው፤ የሚራባው ሴልሽ ውስጥ ገብቶ በአንቺው ዕቃ እየተጠቀመ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታውን ነገር አያገኝም። የሚያገኘው አንጀትሽ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው፤ ተቅማጥ ሊያስይዝሽና በትኩሳቱ ላይ ሌላ ፈሳሽ ሊያሳጣሽ ይችላል። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ ምናልባት ከበስተጀርባ እውነተኛ የባክቴሪያ በሽታ ቢኖር፣ ያቺ ግማሽ የቀረች መድኃኒት ምልክቱን አደብዝዛ ምርመራውን ታበላሻለች እንጂ አታድንሽም። «እኔ ወስጄው ተሻለኝ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። የቫይረስ ትኩሳት በራሱ ጊዜ የሚለቅ ስለሆነ በአራተኛው ቀን የተዋጠ ማንኛውም ነገር በአምስተኛው ቀን የፈወሰ ይመስላል። አክታሽ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆንም እሱ ብቻውን የባክቴሪያ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙን የሚሰጡት የራስሽ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

ለቫይረስ ምንም መድኃኒት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪር አለ፤ በደንብ የሚጠቅመው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ የአስም፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በትኩሳት ሲያዙ ቤት ቁጭ ብለው ከመጠበቅ ቀድመው ሐኪም ይዩ የምንለው አንዱም ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቅሽ ነገር። ትኩሳቱ ለምን ይመለሳል? መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም። ሰውነትሽ ቫይረሱን ሲያውቀው የሚለቃቸው ኬሚካሎች አእምሮ ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለውን ክፍል «ሙቀቱን ከፍ አድርግ» ይሉታል። መልእክቱን የሚያደርሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ፓራሲታሞል የሚያግደው እሱን ነው። ቫይረሱን አይነካውም። አራት ወይም ስድስት ሰዓት አልፎ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ሲወርድ፣ ሰውነትሽ ገና እየታገለ ከሆነ፣ ትኩሳቱ ይመጣል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ብርድ ብርድ ብሎሽ የምትንቀጠቀጪው ሙቀቱ እየወጣ ሲሆን ነው፤ ላብ የሚያጠምቅሽ ደግሞ እየወረደ ሲሆን ነው። ይህን ካወቅሽ ሌሊት ስትነቂ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ታዲያ መሻልሽን በምን ታውቂያለሽ? በሰዓታት ሳይሆን በቀናት አስቢው። የዛሬ ማታው ጫፍ ከትናንቱ ዝቅ ብሏል? በሁለት ትኩሳት መካከል ያለው ጊዜ ረዝሟል? መድኃኒት መውሰድ ያለብሽን ሰዓት ረስተሽው አልፏል? እነዚህ ጥሩ ምልክቶች ናቸው። አብዛኛው የቫይረስ ትኩሳት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይረግባል፣ አንዳንዱ እስከ ሰባት ይሄዳል።

ስለ ቁጥሩም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቴርሞሜትሩን እያየ ነው የሚታመመው። «37» የሚባለው ቁጥር የመጣው ካርል ቩንደርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1868 እንደ ፈረንጆቹ ካሳተመው ሥራ ነው፤ ግን የጤነኛ ሰው ሙቀት እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ጠዋት ዝቅ፣ አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል። ትኩሳት የምንለው ባብዛኛው ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ነው። በብብት ስትለኪ ከውስጠኛው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ያለ ቁጥር እንደምታገኚ አትርሺ። 39 ላይ ሆኖ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚያወራ፣ መድኃኒት ሲወስድ ቀና የሚል ሰው፣ 38 ላይ ሆኖ ከሚደነባበር ወይም ቁና ቁና ከሚተነፍስ ሰው ይልቅ እኔን ብዙም አያሰጋኝም። «ትኩሳት አእምሮ ያቃጥላል» የሚለው ፍርሃትም አለ። በኢንፌክሽን የመጣ ትኩሳት ሰውነት ራሱ የሚቆጣጠረው ስለሆነ ከ41 የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ 39 እና 40 ያስጨንቃል፣ ያደክማል እንጂ በራሱ አእምሮ አይጎዳም። በፀሐይ ወይም በሙቀት የሚመታ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ድንገተኛ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስጂው ቁጥሩን ለማሸነፍ ሳይሆን ለመጠጣት፣ ለመተኛትና ሕመሙን ለማስታገስ ነው። ትኩሳት ኖሮሽ ደህና ከሆንሽ መውሰድ ግዴታ አይደለም።

መጠኑ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ለአዋቂ ፓራሲታሞል በአንዴ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም፣ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እያራራቁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳያልፍ። ባለ 500 ከሆነ ስምንት ፍሬ ማለት ነው፤ ያ ጣሪያው ነው፣ ግብ አይደለም። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ፣ የጉበት ሕመም ካለብሽ፣ አልኮል የምታዘወትሪ ከሆነ ወይም ለቀናት እህል ካልቀመስሽ ከዚያ ያነሰ ነው የሚፈቀድልሽ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ፓራሲታሞሉን ይውጣል፣ ከዚያ «የጉንፋን» የሚባለውን ፍሬ ወይም ዱቄት ይጨምራል፣ እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ሳያውቀው እጥፍ ወሰደ። እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ይመታል፤ ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታወቅ ይችላል። በዝቷል ብለሽ ከጠረጠርሽ ደህና ነኝ ብለሽ አትቀመጪ፣ ማርከሻ አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ሲጀመር ነው።

አይቡፕሮፌንም ትኩሳት ያወርዳል። ግን ኩላሊትን ስለሚጫን ፈሳሽ ላነሰው ሰው አይሆንም፤ ጨጓራ ላለበት፣ ለኩላሊት ሕመምተኛና ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ) ባለበት አካባቢ ከሆንሽ ደግሞ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም አትንኪ፣ መድማትን ያባብሳሉ። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ በፍጹም አይሰጥም፤ ከቫይረስ በሽታ ጋር ሲገናኝ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ጉበትና አእምሮን የሚጎዳ፣ ከስንት አንዴ ቢሆንም ገዳይ የሆነ ችግር ያመጣል።

ቀጥሎ ፈሳሽ። እውነቱን ለመናገር ትኩሳትን ቤት ውስጥ ማስታመም ማለት ግማሹ ይሄ ነው። ሙቀትሽ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሰውነትሽ የሚያቃጥለው ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ውሃም አብሮ ይጨምራል። ከዚያ ላይ ጥማት ይጠፋል፣ ሰውየው ተኝቶ ይውላል። ብዙ ሰው «ቫይረሱ ጣለኝ» የሚለው ራስ ማዞርና ልብ መምታት ውስጥ ብዙው የፈሳሽ ማነስ ነው። ስንት ብርጭቆ ልጠጣ ብለሽ አትቁጠሪ፤ ሽንትሽን እዪ። ገርጣ ያለ ቀለም ካለውና በየጥቂት ሰዓቱ ከመጣ በቂ ነው። ከጠቆረ ወይም ከጠዋት እስከ ማታ አንዴ ብቻ ከሆነ ወደኋላ ቀርተሻል። ቢያስመልስሽ በአንዴ አትጋቺው፣ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ አድርጊ፤ ሆድ ያንን ይቀበላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ከውሃ ይሻላል። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው አታብዢ፣ በተለይ ለልጅ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮሽ ፈሳሽ ቀንሺ የተባልሽ ከሆነ ግን ይህ ምክር ለአንቺ አይደለም፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ምግቡ ብዙ አያስጨንቅሽ። ለሁለት ሦስት ቀን መብላት ቢያቅትሽ ችግር የለውም፤ መጠጣት ካቃተሽ ነው ችግሩ።

ሌላው ልብስና ብርድ ልብስ ነው። «ያልበው» ተብሎ መደራረብ ሙቀቱን ይይዘዋል እንጂ በሽታውን አያስወጣም። ብርድ ብርድ ሲልሽ ልበሺ፣ ሲለቅሽ አውልቂ፣ መስኮት ክፈቺ። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ወይም በረዶ ማድረግ ቆዳውን ያቀዘቅዛል፣ ሰውነት ግን ሙቀቱን ለማስመለስ ያንቀጠቅጥሻል፤ ትርፉ ሥቃይ ነው። አልኮል መቀባት ደግሞ፣ ልጅ ላይ በተለይ፣ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ይመርዛል። አታድርጉት።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። ካንቺ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ግን የአንቺ ምርመራ ለእሱ አይሠራም። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ሄዳችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ይመርመር፤ ትንሽ ልጅ ላይ ወባ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

የልጅ ፓራሲታሞል በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እያራራቁ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። 16 ኪሎ ቢመዝን በአንዴ ቢበዛ 240 ሚሊግራም ነው። ሽሮፑ ላይ የተጻፈውን ደግሞ እዪ፣ ምክንያቱም አንዱ በ5 ሚሊሊትር 120፣ ሌላው 250 ሚሊግራም ይይዛል፤ ለአንደኛው 10 ሚሊሊትር ትክክል ከሆነ ለሌላኛው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በወጥ ቤት ማንኪያ አትለኪ፣ አብሮት በመጣው መለኪያ ወይም በስሪንጅ ስጪው።

ልጁን ስታዪ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ሲወርድ ምን ይመስላል የሚለውን ተመልከቺ። ተነስቶ ከተጫወተ፣ ካየሽ፣ ከሳቀ ጥሩ ነው። ትኩሳቱ ወርዶም ከፈዘዘ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ምንም አልጠጣ ካለ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ካልሸና ይዘሽው ሂጂ። ረጋ ብሎ ሳለ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከተሳበ አትጠብቂ። ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ ከሆነ ደግሞ 38 ራሱ በቂ ምክንያት ነው፣ ቤት አይታይም።

አንዳንድ ልጆች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ትኩሳት ሲይዛቸው ይንዘፈዘፋሉ። ለሚያይ ወላጅ ከዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ገብቶኛል። አብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ያበቃል፣ ጉዳትም አይተውም። በጎኑ አስተኚው፣ ዙሪያውን አጽጂ፣ ሰዓት እዪ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም ውሃም መድኃኒትም አታስገቢ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ድንገተኛ ነው። ቶሎ ቢያቆምም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ለአንቺ ደግሞ መቼ ትፍሪ? ቁጥሩን ተዪውና እነዚህን ያዢ። አንገት አልታጠፍ ካለ፣ ብርሃን ማየት ካቃተሽ፣ ራስ ምታቱ በመድኃኒት የማይነካ ከሆነ ማጅራት ገትር መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ሽፍታ ቢወጣ ብርጭቆ ተጭነሽ እዪው፤ ስትጫኚው የማይጠፋ ከሆነ ሩጪ። በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍል ላይ ፈልጊ። ተቀምጠሽ ሳለ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ከደማሽ፣ ሆድሽን ክፉኛ ከቆረጠሽ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ቤተሰብ «ንግግሯ ልክ አይደለም» ካለ ዛሬ እንጂ ነገ አይባልም። ይህን የመጨረሻውን ቤት ያለ ሰው ይወቀው፣ ምክንያቱም የሚደነባበር ሰው ራሱን አያውቅም። አረጋዊ ቤት ካለ ደግሞ ትኩሳት ሳይታይባቸው ግራ በመጋባትና በመውደቅ ብቻ ሊታመሙ ይችላሉ።

ሰዎች የማይጠብቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ፣ ተሽሎሽ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ትኩሳቱ እንደ አዲስ ከሳልና ከደረት ውጋት ጋር ሲመለስ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የከፈተውን በር ተከትሎ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ሲገባ እንዲህ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ጋ አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል፣ በሐኪም ትእዛዝ። ሌላው ዴንጊ ነው። የዴንጊ አደጋ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲለቅ፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳቱ ወረደ ብለሽ ስትደሰቺ ሆድሽን ካመመሽ፣ ካስመለሰሽ፣ ከቀዘቀዝሽና ከዛልሽ ተሽሎሽ አይደለም።

ማገገሙ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለሱ የሚነግርሽ የለም። ትኩሳቱ የለቀቀሽ ቀን የዳንሽበት ቀን አይደለም። ሰውነትሽ ለቀናት ያለ በቂ ምግብ ሞቆ ሠርቷል፣ ጡንቻ ቀንሷል፣ እንቅልፍ ተዛብቷል። ለአንድ ለሁለት ሳምንት ደረጃ ስትወጪ ጉልበት ማጣት፣ ከሰዓት ላይ መዛል፣ ነገር ማስታወስ ማቃት፣ ያለምክንያት መከፋት ይኖራል። ስንፍና አይደለም። ሰዎች የሚወድቁት የመጀመሪያው ጥሩ ቀን ላይ ነው፤ የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ በዚያ ቀን ይሠሩና በማግስቱ አልጋ ላይ ናቸው። ከአቅምሽ ትንሽ አጉድለሽ ሥሪ፣ በማግስቱ ደህና ከሆንሽ ትንሽ ጨምሪ፤ ከዛልሽ መልሺ።

ወደ ሥራ ለመመለስ መድኃኒት ሳትወስጂ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ማለፍ አለብሽ። ፓራሲታሞል ውጠሽ 37 ላይ ሆነሽ መሄድ አይቆጠርም፣ ባልደረቦችሽን ታስይዣለሽ። ሲቻል የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግማሽ ቀን አድርጊው። ስፖርት ግን ይቆይ። በትኩሳት ላይ መሮጥና ክብደት ማንሳት ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሲነካ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ትኩሳቱ ከለቀቀ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጪው፣ በእግር መንገድ ጀምሪ። ስትንቀሳቀሺ ደረትሽን ካመመሽ፣ ልብሽ ካለቅጥ ከመታ ወይም ራስሽን ከሳትሽ አቁመሽ ልብሽን ታዪ።

ሳል ከሁሉም በኋላ ነው የሚሄደው፣ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቲቢ በሚበዛበት አካባቢ ግን ሁለት ሳምንት ሲሞላው መመርመር ነው። ድካሙ እየቀነሰ ሳይሄድ አንድ ወር ከሞላውም ተመለሺ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ ፀጉርሽ በብዛት ቢረግፍ እንዳትደነግጪ፤ ከከባድ ትኩሳት በኋላ የሚመጣ ነው፣ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ መስኮት ክፈቱ፣ እጅ በሳሙና ታጠቡ፣ ብርጭቆና ፎጣ ለዩ። ልጅሽ ስለታመመ ከሱ መራቅ አይጠበቅብሽም፤ ጤነኛ አረጋዊ ወይም ጨቅላ ካለ ግን ሌላ ሰው ይያዛቸው።

አንቺ ዛሬ አራተኛ ቀንሽ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ የለካሽበትን ሰዓት፣ ቁጥሩን፣ የወሰድሽውን መድኃኒትና መጠን፣ የሸናሽበትን ሰዓት ጻፊ። የነገ ማታው ጫፍ ከዛሬው ካልወረደ ወደ ሐኪም ተመለሺ፣ ወረቀቱንም ያዢ። ወባ ባለበት የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ነገን ሳትጠብቂ ምርመራውን ድገሚ፤ አንድ ነፃ ውጤት፣ ትኩሳቱ ከቀጠለ፣ ወባ የለም ለማለት አይበቃም፣ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ደግሞ ማየት የተለመደ ነው። ያን አንቲባዮቲክም ይዘሽው ሂጂና እንዴት እንደሚወገድ ፋርማሲስቱን ጠይቂ።